እቴቴ ቡና ማፍላት ለምን አቆመች? የአረጋውያን ድብርትና የደም ስር መድሃኒት ነገር

አክስቴን ቤት ውስጥ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፣ ቡና ማፍላት ያቆመች ጊዜ 71 ዓመቷ ነበር። አላለቀሰችም፣ ከፋኝ አላለችም፣ ሞቴን ናፈቅኩ ምናምን የሚል ነገርም ከአፏ አልወጣም። ብቻ አንድ ቀን ቡናው ታጥቦ ሳይቆላ ቀረ፣ ሌላ ቀን ጎረቤት ጠርታ ከሰሉን እንኳን ሳታቀጣጥል ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው፣ ከዛ በኋላ ረከቦቱ ጥግ ገብቶ አቧራ ለበሰ። ማህበሯንም ተወች፣ ለቅሶ መድረስም "ነገ እሄዳለሁ" ሆነ። እኛ እርጅና ነው አልን፣ ሰፈሩ ደሞ እቴቴ ኮራች አለ። የግፊት ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት ስሄድ ግፊቷ ተለካ፣ ካርዷ ላይ ተጻፈ፣ ኪኒኑ ታዘዘ፣ ወጣን፤ ስለሌላ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ይሄን የማነሳው "ለትላልቅ ሰዎች ድብርት የደም ስር መድሃኒት ይሰራል" የሚለው ነገር ሲወራ ሁለት አይነት መልስ ስለምሰማ ነው። አንዱ ወዲያው ፋርማሲ ሄዶ ለእናቱ ሊገዛላት ይነሳል፣ ሌላው ደሞ ግፊትና ድብርት ምን አገናኛቸው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ግንኙነቱ እውነት ነው፣ ለረጅም ጊዜም ተጠንቷል፣ መድሃኒቱ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ከወሬው በጣም ያነሰ ነው፣ እና እኔ እስከገባኝ ድረስ ትልቁ ጥቅም ያለው አዲስ ኪኒን ላይ ሳይሆን እናቶቻችን ቀድሞውኑ በእጃቸው የያዙት የግፊት ኪኒንና የክትትል ካርድ ላይ ነው። እንዴት ብዬ እዚህ እንደደረስኩ ላስረዳ።

ነገሩ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ኒውዮርክ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆርጅ አሌክሶፑሎስና ባልደረቦቻቸው "ከደም ስር የሚመጣ ድብርት" የሚል መላምት አቀረቡ፣ በዛው ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራንጋ ክሪሽናንና ቡድናቸው ደሞ በኤምአርአይ ምስል ተመሳሳይ ነገር አሳዩ። ሃሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ሰው በወጣትነቱ ሳይሆን ከ60 እና 65 ዓመቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድብርት ሲይዘው፣ በተለይ ግፊት ወይ ስኳር ወይ የልብ ችግር ካለበት፣ ከጀርባው የአንጎል ትንንሽ ደም ስሮች ጉዳት ሊኖር ይችላል። ኤምአርአይ ላይ ይሄ ጉዳት ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ነጠብጣቡ ዕድሜው የገፋ አብዛኛው ሰው ጋ በመጠኑ አለ፣ ጥያቄው ምን ያህል በዛ፣ የትስ ጋ ነው የሚለው ነው።

ለምን ደም ስር እንዲህ ይጎዳል ለሚለው፣ መስኖ ያለበት አገር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው ግን ልብ ከምትረጨው ደም 15 እና 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። ወደ አንጎል ጥልቅ ነጭ ክፍል የሚገቡት ደም ስሮች ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፣ ከጎን ተቀብሎ የሚያግዛቸው ሌላ ቅርንጫፍም ብዙ የላቸውም። ልክ እንደ ቦዩ ጫፍ ማሳ ማለት ነው፣ ውሃው ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ግፊት ለ20 እና ለ30 ዓመት ሳይታከም ሲቆይ የነዚህ ደም ስሮች ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ እንደፈለገ መስፋትና መጥበብ ያቅተዋል፣ ሰውየው ደሞ ምንም አያመውም፣ ስትሮክም አልመታውም፣ ስለዚህ "ደህና ነኝ" ይላል።

የሚደርቁት ማሳዎች ውስጥ አንዱ ከግንባር ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ከውስጠኛው ክፍል ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ይሄ መስመር ነገር ለማቀድ፣ ለመጀመር፣ ደረጃ በደረጃ ለመጨረስ፣ ከአንዱ ስራ ወደሌላው ለመዞር የምንጠቀምበት ነው። ይሄን ሳነብ ቀጥታ ትዝ ያለኝ የእቴቴ ቡና ነው፣ ምክንያቱም ቡና ማፍላት ለኛ ቀላል ይመስለናል እንጂ ስንት ነገር ነው ያለበት፣ ከሰል ማያያዝ፣ ማጠብ፣ እንዳያር እያማሰሉ መቁላት፣ ጭሱን ለሰው ማዞር፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ እንዳይገነፍል መጠበቅ፣ ስኒውን ማለቅለቅ፣ ከዛ ደሞ አቦል ቶና በረካ፣ በመሃል ከሰው ጋር እየተጫወቱ። ያ መስመር የተጎዳበት ሰው አዝኖ አይደለም ቡናውን የሚተወው፣ መጀመሩ እንደ ተራራ ይከብደዋል፣ ከጀመረም መሃሉ ላይ ይጠፋዋል።

ለዛም ነው ይሄኛው ድብርት እኛ የምናውቀውን ድብርት የማይመስለው። ለቅሶው ትንሽ ነው፣ "እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፣ ለሰው ሸክም ሆንኩ" አይነት ራስን መውቀስም ያንሳል። የሚጎላው ዝግታ፣ ግድ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ ዝምታ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ የተለወጠ አይመስለውም፣ ስትጠይቀው "ምን ሆንኩ? ምንም አልሆንኩም" ነው መልሱ። በኛ ቤት ደሞ ዝም ያለ ሽማግሌ ጨዋ ነው የሚባለው፣ ዝም ያለች እናት ጸሎተኛ ናት የምትባለው፣ ስለዚህ በሽታው መደበቂያ ቦታ አያጣም። ደሞ ራስ ይከብደኛል፣ ያቃጥለኛል፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ እያሉ በሰውነት ነው የሚነግሩን፣ እኛም የወገብ ቅባት እንገዛለን።

ግንኙነቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው ላለ ሰው፣ ሆላንድ ሮተርዳም ውስጥ ከ1,000 በላይ አረጋውያንን በኤምአርአይ ያየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ነበር፣ ነጠብጣባቸው የከፋ ሰዎች የድብርት ምልክት የመኖር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች መሃል ደሞ ሲሶ የሚሆኑት ድብርት ይይዛቸዋል። ግን መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ መሆኑን መርሳት አይገባም፣ የደበረው ሰው ኪኒኑን ይረሳል፣ አይንቀሳቀስም፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ ያም ተመልሶ ግፊቱንና ልቡን ይጎዳል። እና "ደም ስሩ ነው ያደበረው" ብሎ በአንድ መስመር መጨረስ አይቻልም።

እሺ፣ ደም ስሩ ከሆነ ችግሩ የደም ስር መድሃኒት ለምን አንሰጥም? ይሄን ጥያቄ በደንብ የሞከሩት አርጀንቲናዎች ናቸው። ፈርናንዶ ታራጋኖና ባልደረቦቻቸው ኒሞዲፒን የሚባል መድሃኒት መረጡ። ኒሞዲፒን የአምሎዲፒንና የኒፈዲፒን ዘመድ ነው፣ የደም ስር ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም እንዳይገባ ከልክሎ ስሩን ያላላል፣ ልዩነቱ ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚገባ ነው፣ ዋናው የህክምና አገልግሎቱም አንጎል ዙሪያ ደም ለፈሰሰባቸው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የደም ስር ድብርት ያለባቸው 101 ሰዎች ሁሉም ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድሃኒት ወሰዱ፣ ግማሾቹ ላይ ኒሞዲፒን ተጨመረ፣ ግማሾቹ ላይ መድሃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን። ሙሉ በሙሉ ከድብርቱ የወጡት ኒሞዲፒን ከተጨመረላቸው 54 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 27 በመቶ ነበሩ። እጥፍ ማለት ነው። ከዛ በፊት በ2001 በ84 ሰዎች ላይ የሰሩት ጥናትም ወደዚሁ ነበር ያመለከተው።

መጀመሪያ ሳየው በጣም ነበር የተደሰትኩት፣ አልዋሽም። ከዛ ቀስ ብዬ ሳስበው ሁለት ነገር አቆመኝ። አንደኛ ሁለቱም ጥናቶች የአንድ ቡድን ናቸው፣ የሰዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው፣ በህክምና ውስጥ ደሞ 100 ሰው ላይ ያማረ ውጤት 5,000 ሰው ላይ ሲሞከር የከሰመበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሳው ነው፣ ፍሉኦክሴቲን ራሱ ኒሞዲፒን በጉበት በኩል እንዳይወገድ ስለሚያዘገየው አብረው ሲወሰዱ ደም ውስጥ ያለው የኒሞዲፒን መጠን በ50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥናት ላይ ሃኪም እየተከታተለ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን አንዲት የ75 ዓመት እናት ላይ ቀድሞ የምትወስደው የግፊት ኪኒን እያለ ይሄ ሲደረብ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ግፊቷ ወርዶ ትወድቃለች፣ ዳሌዋ ይሰበራል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን በየቤታችን አይተነዋል።

ተራዎቹ የግፊት መድሃኒቶችስ? እዚህ ጋ ትልልቅ ቁጥሮች አሉ። ዴንማርክ የህዝቧን የመድሃኒት መዝገብ ስለምትይዝ ላርስ ኬሲንግና ቡድናቸው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 ያለውን መረጃ አገላብጠው በብዛት የሚታዘዙ 41 የግፊት መድሃኒቶችን ለየብቻ አዩ፣ በ2020 አወጡት። ድብርት የሚያመጣ አንድም አላገኙም፣ 9ኙ ደሞ ከድብርት ስጋት መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ከነሱ ውስጥ ኢናላፕሪል፣ ራሚፕሪል፣ አምሎዲፒን፣ ቬራፓሚል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል አሉበት። ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን የኛ እናቶች ቦርሳ ውስጥ ያሉ ናቸው። የሚያሸኑት የግፊት ኪኒኖች ግን ከመቀነስም ከመጨመርም ጋር አልተያያዙም።

ከዴንማርኩ ጥናት አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ግን ስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ 144,066 ታካሚዎችን ያየ ጥናት ሌላ ነገር ብሎ ነበር። እዛ በስሜት ህመም ሆስፒታል የመተኛት ስጋታቸው ዝቅተኛ የነበረው እነ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉበትን ወገን የሚወስዱት ናቸው፣ እነ አምሎዲፒንና እነ አቴኖሎል ያሉበትን ወገን የሚወስዱት ግን ስጋታቸው ከነሱ ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ታዲያ የቱን እንመን? እኔ ሁለቱም ሊያስተምሩን የሚችሉት አንድ ነገር ነው ብዬ ነው የማስበው፣ መዝገብ እያገላበጡ የሚሰራ ጥናት መድሃኒቱን ብቻ ሳይሆን መድሃኒቱ የታዘዘለትን ሰው ጭምር ነው የሚለካው። ሃኪም ልቧ ቶሎ ቶሎ ለሚመታባትና ለምትጨነቅ ሴት አቴኖሎል ይሰጣል፣ ኩላሊቱን ሊጠብቅለት ለሚፈልገው የስኳር ታካሚ ኢናላፕሪል ይሰጣል፣ ከዛ በኋላ የጨነቃት ሴት ድብርት ቢይዛት ጥፋቱ የኪኒኑ ይመስላል። ስለዚህ "ዴንማርኮች አምሎዲፒን ድብርት ይከላከላል ብለዋል" ብሎ የእናትን መድሃኒት መቀየር ትክክል አይደለም፣ "ግላስጎዎች ድብርት ያመጣል ብለዋል" ብሎ ማቋረጥም እንደዛው።

የግፊት መድሃኒት ድብርት ያመጣል የሚለው ፍርሃት ራሱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬዘርፒን የሚባል፣ ህንድ አገር ከሚበቅል ተክል የሚወጣ የግፊት መድሃኒት ነበር፣ የወሰዱት አንዳንዶች ክፉኛ ደበራቸው ተባለ። ሬዘርፒን አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች ስለሚያመናምን ሳይንቲስቶች "እንግዲያው ድብርት ማለት የነዚህ ኬሚካሎች ማነስ ነው" ወደሚለው ሃሳብ የሄዱት አንዱ በዚህ በኩል ነው፣ ዛሬ ያሉት የድብርት ኪኒኖች በብዛት የቆሙበት ሃሳብ ማለት ነው። የሚገርመው ሬዘርፒን እውነት ያን ያህል ድብርት ያመጣ ነበር ወይ የሚለው ራሱ በኋላ አከራካሪ ሆኗል። በእነ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ላይ ያለው ክስም እንዲሁ፣ በ2021 በርሊን የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 285 ሙከራዎችን ከ53,000 በላይ ሰዎች ጋር ሰብስቦ ሲያይ ድብርት ከባዶ ኪኒን በላይ አላመጡም፣ እንቅልፍን ግን ያዛባሉ፣ ቅዠትም አለ። እናትሽ አቴኖሎል ከጀመረች በኋላ ሌሊት የምትባንን ከሆነ ለሃኪሟ ተናገሪ፣ ግን ከመሬት ተነስታችሁ እንዳታቆሙት፣ በድንገት ሲቆም ልብ ላይ አደጋ አለው።

አስፕሪንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት "ደም ያቀጥናል" ተብሎ ያለ ትዕዛዝ ይወሰዳል። አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ 19,114 ጤነኛ አረጋውያን፣ አብዛኞቹ ከ70 ዓመት በላይ፣ በቀን 100 ሚሊግራም አስፕሪን ወይም ባዶ ኪኒን እየወሰዱ ለዓመታት ታዩ። በ2020 በወጣው ውጤት አስፕሪኑ ድብርትን አልተከላከለም። ከባድ የደም መፍሰስን ግን በ38 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ስትሮክ ወይ ድንገተኛ የልብ ደም ስር መዘጋት (ሃርት አታክ) ደርሶበት ሃኪም ያዘዘለት ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ አያቁም። ሌላው ግን፣ በተለይ እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት ኪኒኖችን የሚወስድ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ የጨጓራ መድማት እንደሚብስ ይወቅ።

እኔን በጣም ያሳመነኝ ከድብርት ጥናት ሳይሆን ከግፊት ጥናት የመጣ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 9,361 ሰዎች የተካፈሉበት ስፕሪንት የሚባል ሙከራ ነበር፣ ግማሾቹ የላይኛውን ግፊት ከ140 በታች፣ ግማሾቹ ከ120 በታች ለማድረግ ታከሙ። ከነሱ የተወሰኑት ኤምአርአይ ተነስተው ነበር፣ ወደ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲታይ ከ120 በታች በታከሙት ነጩ ነጠብጣብ በ0.92 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው ያደገው፣ በሌሎቹ ግን በ1.45። ልብ በሉ፣ አልጠፋም፣ አልቀነሰም፣ ያደገው በዝግታ ነው። ጥናቱ ስኳር ያለባቸውንና ስትሮክ የመታቸውን አላካተተም፣ ስለዚህ ለሁሉም ሰው 120 ይሁን ማለት አይደለም። ግን የሚነግረን ነገር አለ፣ የደረቀውን ማሳ መድሃኒት አይመልሰውም፣ ገና ያልደረቀውን ግን ሊያቆየው ይችላል። እና የግፊት መድሃኒት ለድብርት ትልቁ ውለታው፣ ሰውየው ሳይደብረው በፊት በ50 ዓመቱ በወጉ ሲወሰድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በተቃራኒው "ለሽማግሌ ግፊት ትንሽ ከፍ ቢል ደም ወደ አንጎሉ ይደርሳል" የሚሉም ነበሩ። ሆላንዶች ይሄንንም ሞከሩት፣ 75 ዓመትና ከዛ በላይ የሆናቸው፣ ትንሽ የማስታወስና የማሰብ ድክመት ያለባቸው 385 ሰዎች ውስጥ ግማሾቹ የግፊት መድሃኒታቸውን በሃኪም ክትትል አቆሙ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሃሳባቸውም፣ ስሜታቸውም፣ የቀን ተቀን ኑሯቸውም አልተሻሻለም። ማቆሙ ፈውስ አልሆነም ማለት ነው። አሁን ደሞ እንግሊዞች የትንንሽ ደም ስር ስትሮክ በመታቸው 363 ሰዎች ላይ ሁለት የቆዩ መድሃኒቶችን፣ ለልብ ውጋት የሚታዘዘውን አይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬትና ሲሎስታዞልን፣ ሞክረው በ2023 ተስፋ የሚሰጥ ነገር አግኝተዋል፣ ግን ያ ለትልቁ ጥናት መንደርደሪያ እንጂ መደምደሚያ ተብሎ አልተሰራም።

አሁን ወደ ቤታችን። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት 16 በመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፣ አብዛኛዎቹ ደሞ ህክምና ላይ አልነበሩም። ይሄ ማለት ያ 20 ዓመት ሳያም የሚጎዳ ነገር አሁን እያነበባችሁ ባላችሁበት ሰዓት በብዙ ሰው አንጎል ውስጥ እየሄደ ነው ማለት ነው። ኪኒኑን የጀመረውም ቢሆን ሲሻለው ያቆማል፣ ራስ ምታቱ ስለተወው የዳነ ይመስለዋል። ጸበል ሲገባ የሚያቆምም አለ፣ እምነቱን ማንም አይነካበትም፣ ጸበሉንና ኪኒኑን ግን አብሮ መያዝ ይቻላል፣ አባቶች ራሳቸው እንደዛ ብለው ሲመክሩ ሰምቻለሁ። ጾም ላይ ደሞ ብዙ እናቶች እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ ኪኒኑም አብሮ ይጾማል፣ ሃኪሙን ቀድሞ ቢጠይቁት ግን ሰዓቱን ወደ ማታ ያዞርላቸዋል።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ከዋሽንግተንም ከቴልአቪቭም ከዱባይም ለእናት በሻንጣ የሚላክ የግፊት ኪኒን አለ፣ ፍቅር ነው፣ ገንዘብም ይፈጃል። ግን የተላከው ኪኒን እዚህ ሃኪም ካዘዘው ጋር ስሙ ስለሚለያይ ሁለቱን ደርበው የሚወስዱ አሉ፣ አንዱ አምሎዲፒን ሌላውም በሌላ የንግድ ስም አምሎዲፒን። ከኪኒኑ በፊት የክትትል ካርዱን በስልክ ፎቶ አስነሱና አንብቡት።

የድብርት መድሃኒት በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ አገር በርካሽና በቀላሉ ከሚገኙት አንዱ አሚትሪፕቲሊን ነው፣ ለወጣት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለትልቅ ሰው ግን አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሃሳብ ያደነጋግራል፣ ሲነሱ ግፊት ያወርዳል፣ ከግፊት ኪኒን ጋር ሲሆን ደሞ መውደቅ ነው። እነ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን በዚህ ረገድ ይሻላሉ፣ ግን የሚያሸና የግፊት ኪኒን ከምትወስድ አሮጊት ጋር ሲገናኙ ደሟ ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ጨው ሊወርድ ይችላል፣ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንገት ከተደናገረች ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት "ድብርቱ ባሰባት" ብሎ መጠበቅ ሳይሆን ደም ማስመርመር ነው።

ኤምአርአይ ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም፣ ዋጋውም ከባድ ነው፣ ነጠብጣቡ ቢታይም ባይታይም የሚደረገው ህክምና ብዙ አይለወጥም። ሌላ ምልክት ካለ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ንግግር ከተያዘ፣ አካሄድ በድንገት ከተለወጠ ያኔ ሌላ ነው። ከኤምአርአይ ይልቅ የሚጠቅመው ያ የግፊት ቀጠሮ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአዕምሮ ህክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለማስገባት ስትሞክር ቆይታለች፣ ግፊት የሚለካው ያው ጤና ጣቢያ ነው፣ እናትየዋ በየወሩ ወይ በየሶስት ወሩ በእግሯ ወደዛ ትሄዳለች። እዛ ጋ ሁለት ጥያቄ መጨመር ይቻላል፣ በዓለም ላይ ብዙ ቦታ የሚጠየቁ ናቸው፣ ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን ለመስራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተው ያውቃሉ? ደብሮዎት ወይ ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የደም ስር ድብርት ያለበት ሰው ለሁለተኛው "አይ" ሊል ይችላል፣ የመጀመሪያው ላይ ነው የሚያዘው። ነርሷ ካልጠየቀች አብሮ የሄደው ልጅ ይጠይቅ፣ ይናገር።

አንድ ቁጥር ደሞ ሆን ብዬ ወደኋላ አስቀርቼዋለሁ። እነ አሌክሶፑሎስና ፓትሪሺያ አሪያን ኒውዮርክና ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ድብርት ያለባቸውንና ማቀድ የሚያቅታቸውን 221 አረጋውያን፣ ልክ እንደ እቴቴ ያሉትን ማለት ነው፣ ለ12 ሳምንት በንግግር ብቻ አከሙ። ግማሾቹን አዳመጡ፣ አጽናኑ። ለግማሾቹ ደሞ ችግርን መፍታት የሚባለውን አስተማሯቸው፣ አንድ የከበዳቸውን ነገር ይመርጣሉ፣ ወደ ትንንሽ እርምጃ ይሰባብሩታል፣ የዚህን ሳምንት እርምጃ ብቻ ይሞክራሉ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ያወሩበታል። በመጨረሻ ከድብርት የወጡት 46 በመቶ ለ28 በመቶ ነበሩ። ከኒሞዲፒኑ 54 ለ27 አጠገብ አስቀምጡት። ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው፣ አንድ ለአንድ ማወዳደር አይቻልም፣ ግን ይሄኛው ግፊት አያወርድም፣ ከማንኛውም ኪኒን ጋር አይጋጭም፣ ደግሞ ከባድ ነገርን ሰብሮ አብሮ መስራት ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ ሊሞከር የሚችል ነገር ነው።

እቴቴን በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ይዤያት ስሄድ ቡናውንም ማህበሩንም ለሃኪሙ ነገርኩት። ጊዜ ወስዶ አናገራት፣ ቆማም ተቀምጣም ግፊቷን ለካ፣ ጠዋት የምትረሳውን ኪኒን ወደ ማታ አዞረላት፣ ሰርትራሊን በትንሽ መጠን ጀመረላት፣ በ3 ሳምንት ሶዲየሟ እንዲታይ አዘዘ። ቤት ደሞ የአጎቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ እየተቀመጠች በመጀመሪያው ሳምንት ቡናውን ማጠብ ብቻ፣ በሁለተኛው ማጠብና መቁላት፣ እንዲህ እያሉ ሄዱ። መሃል ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ ብላ ነበር፣ አልገፋናትም። አሁን ስድስተኛ ወራችን ነው። አቦሉን ራሷ ታፈላለች፣ ቶናው ላይ ይደክማትና ጀበናውን ወደኔ ትገፋዋለች፣ ቅዳሜ ዕለት ግን እየገፋችልኝ "ውሃ አታብዢበት" አለችኝ።